ወረርሽኝ ቤት ሲያስቀምጥ፦ እናት አባትን ከብቸኝነት የመጠበቂያ መመሪያ

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ለወጣቱ ይህ ማለት ስልክ ላይ ተጥዶ መዋል ነበር። ለአንዲት የሰባ ዓመት እናት ግን ዕድሩ፣ ማኅበሩ፣ ሰንበቴው፣ ለቅሶ መድረሱ፣ የጎረቤት ቡናው በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ።

የቀረውን ደግሞ ብዙ ልጆች በደግነት ወሰዱባቸው። «ገበያ አትሂጂ፣ እኔ እገዛለሁ።» «ተይው እማዬ፣ እሱን ሠራተኛዋ ትሠራዋለች።» «አባዬ፣ ባንክ መሄድ የለብህም፣ በስልክ እንጨርሰዋለን።» ከበሽታው ተጠበቁ። በገዛ ቤታቸው ግን የሚፈልጋቸው ነገር ጠፋ። እኔን ብትጠይቁኝ ብቸኝነት የሚሉት ነገር ግማሹ ሰው ማጣት ነው፤ ግማሹ አለመፈለግ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ «ብዙ ደውሉላቸው» ብሎ አያቆምም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። አረጋዊ ሁሉ ይሰበራል ብላችሁ አትነሱ። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ በተደረጉ ጥናቶች ጭንቀትና ድብርት ጎልቶ የታየው ከአዛውንቶች ይልቅ በወጣቶች ላይ ነው። ብዙ ያየ ሰው ብዙ ይችላል። የሚያሰጋው ብቻውን የሚኖረው፣ በቅርቡ የትዳር ጓደኛው የሞተበት፣ ጆሮው የከበደው፣ ከቤት መውጣት ያቃተው ነው። እናንተም ጉልበታችሁን እዚያ ላይ አውሉት።

1. ሳምንታቸውን ወረቀት ላይ አውጡት

ወረርሽኙ ከመምጣቱ በፊት እናታችሁ ወይም አባታችሁ ሳምንቱን እንዴት ያሳልፉ እንደነበር ጻፉ። ጠዋት ኪዳን ያደርሳሉ? መስጊድ ይሄዳሉ? በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም የጽዋ ማኅበር አላቸው? ቡና ከማን ጋር ይጠጣሉ? ጡረታቸውን ሲቀበሉ ከማን ጋር ቆመው ያወራሉ? የሰፈሩ ባለሱቅ ስማቸውን ያውቃል?

ከእያንዳንዱ ጎን «እዚያ ምን ይሠሩ ነበር?» የሚለውን ጨምሩ። ዋናው ነገር ይሄ ነው። እማማ ዕድር የሚሄዱት ሰው ለማየት ብቻ አይደለም። ምናልባት የዕድሩን ዕቃ የሚቆጣጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ማን ድስት ወስዶ እንዳልመለሰ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። አባባ ፓርክ ወይም ግንብ ሥር የሚቀመጡት ፀሐይ ለመሞቅ ብቻ አይደለም። ጠብ ሲነሳ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ለቀጠሮ ምትክ መፈለግ ቀላል ነው። ለሥራው ምትክ ካላገኛችሁ ግን ቀኑ ባዶ ሆኖ ይቀራል።

ዝርዝሩን ራሳቸው እያወሩ እናንተ ብትጽፉት ይሻላል። ለልጆቻቸው ጨርሶ ነግረዋቸው የማያውቁት ነገር እዚያ ላይ ይወጣል።

2. ስልኩን ሥርዓት አስይዙት

«ሲመቸኝ እደውላለሁ» አይሠራም። ሰዓት ቁረጡ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ከተባለ 2 ሰዓት ይሁን። ቀኑን ሙሉ የሚጠበቅ ነገር መኖሩ ራሱ ጥቅም አለው።

ርዝመቱ አያስጨንቃችሁ። በኮቪድ ጊዜ ቴክሳስ ውስጥ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ምግብ እስከ ቤታቸው ድረስ ለሚመጣላቸው 240 ሰዎች የታሰበ ነበር። ለተወሰኑት የሚደውሉላቸው ከ17 እስከ 23 ዓመት የሆኑ ወጣቶች ተመደቡ። ወጣቶቹ ሐኪሞች አይደሉም፤ አጭር ሥልጠና ብቻ ነው የወሰዱት። በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት በየቀኑ ደወሉ፤ ከዚያ በኋላ በየስንት ቀኑ እንደሚደወል የመረጡት ተደዋዮቹ ናቸው። ጥሪው ከመጀመሪያው በቀር ባብዛኛው ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም ነበር። ከአራት ሳምንት በኋላ የተደወለላቸው ሰዎች ብቸኝነታቸው፣ ጭንቀታቸውና ድብርታቸው ካልተደወለላቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ወጣቶቹ ያደረጉት ትልቅ ነገር ማዳመጥና ሰውየው የመረጠውን ወሬ መከተል ነው።

እኛ ዘንድ ያለው ችግር ሰላምታችን ነው። «እንዴት ነሽ እማዬ?» «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ? ልጆቹስ?» አለቀ። ሁለት ደቂቃ። ይህ መልስ ምንም አይነግራችሁም፤ ታመውም ቢሆን የሚሉት ይህንኑ ነው። ትንንሽ ጥያቄ ጠይቁ። ምሳ ምን በላሽ? ከማን ጋር? ሌሊት ስንት ሰዓት ነቃሽ? ዛሬ በሩን ማን አንኳኳ? ከዚያ ዝም በሉ። ስልክ ላይ ዝምታ ይከብዳል፤ ግን ብዙ ጊዜ ቁም ነገሩ የሚመጣው ከዝምታው በኋላ ነው።

ማልቀስ ከጀመሩ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያላችሁ ቶሎ አትዝጉት። አይዞሽ ጥሩ ቃል ነው፤ ቶሎ ከመጣ ግን አፍ ያስይዛል።

ወንድም እህት ካላችሁ ቀን ተከፋፈሉ። ሁሉም እሑድ ደውሎ ማክሰኞና ረቡዕ ማንም የማይደውልበት ቤት ብዙ ነው። ውጭ ያላችሁ ሰዓቱን አስሉት። አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በበጋቸው ቀትር አልፎ አንድ ሰዓት፣ በክረምታቸው ቀትር ላይ ነው፤ የምሳ እረፍት ላይ ይደርሳል። ዓረብ አገር ቤት ውስጥ ለምትሠራ እህት ግን ስልኳ የምታገኘው ሌሊት ሊሆን ይችላል። እሷ የድምፅ መልእክት ትላክ፤ እናት ጠዋት ከቡናው ጋር ያዳምጡታል። ድምፁ ደግሞ ተደጋግሞ ይሰማል፤ ይሄ ከጥሪ የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

ስለ ስልኩ ራሱ፦ ስማርት ስልክ ካላስደሰታቸው አታስገድዷቸው። ባለ ቁልፉ ስልክ ባትሪው ይቆያል፣ ድምፁም ይሰማል። ኢሞ ወይም ዋትስአፕ የለመዱ ከሆነ የልጆቹን ፎቶ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አውጡላቸው። ፊደሉን አተልቁ፤ የጥሪውን ድምፅ ጨምሩ። ጥቅሉን እናንተ ሙሉላቸው፤ ካርድ ያልቃል ብለው ወሬ የሚቆርጡ ወላጆች አሉ። ጆሯቸው ከከበደ ቪዲዮ ይሻላል፤ ከንፈር ያያሉ። ማስክ ትልቅ ችግር የሆነባቸው ለዚህ ነው። ዝም ብለው የተቀመጡ የሚመስሉ አባት ምናልባት አልሰሙም ይሆናል፤ የጆሮ ኩክ ብቻ ሆኖ ጤና ጣቢያ ሲጠረግ የሚከፈትም አለ።

3. ሥራ ስጧቸው፤ እውነተኛ ሥራ

እዚህ ላይ ጊዜ እንውሰድ። «ራስዎን ያዝናኑ» የሚባል ነገር ለእናቶቻችን አይሠራም። የሚያስፈልጋቸው ካልሠሩት የሚጎድል ነገር ነው።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሕፃናቱ ቤት ተቀመጡ። አያት ፊደል ያስቆጥሩ። በስልክም ይሆናል፤ ልጁ እየጻፈ ያሳያል፣ አያት «ሐመሩን ሐ ነው የጻፍከው» እያሉ ያርማሉ። ልጁ ይማራል፤ እናትየው ለአንድ ሰዓት ትተነፍሳለች፤ አያትም ነገ የሚጠብቃቸው ተማሪ አለ። ሦስት ሰው ተጠቀመ።

ወጥ ላይ እውነተኛ ምክር ጠይቁ። በርበሬው ስንት ኪሎ ይበቃል፣ ድልሁ ለምን መረረ፣ ቅቤው ሲነጠር ኮሰረቱ መቼ ይገባል። የምታውቁትን እንደማታውቁ ሆናችሁ አትጠይቁ፤ ይነቃባችኋል። የማታውቁት አይጠፋም።

የዘር ሐረግ ጻፉ። እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው የሚያውቁ ሰዎች እያለፉ ነው። ደብተር ግዙላቸው ወይም ድምፃቸውን ቅዱ። በየቀኑ አንድ ሰው ይበቃል፤ የማን ልጅ ነው፣ የት ኖረ፣ ማንን አገባ።

ዕድሩ ስብሰባ ቢያቆምም ሰዎቹ አሉ። እማማ በቀን ለሦስት የዕድር አባላት ይደውሉ። ማን ታሟል፣ ማን መድኃኒት አልቆበታል፣ የማን ልጅ ሥራ ፈትቷል፤ ይህንን ለዳኛው ወይም ለጸሐፊው ያስተላልፉ። ሀሳቡ የዋዛ አይደለም። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም፣ ሌላ ሐኪም ሲያጡ፣ ሥራውን የጀመሩት ከአያቶች ጋር ነው። የሠለጠኑ አያቶች ጤና ጣቢያ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀ ሰው ያዳምጣሉ። አዛውንት እርዳታ ተቀባይ ብቻ ነው ያለው ማነው?

ገንዘቡንና ውሳኔውን አትንጠቋቸው። ገበያ እናንተ ብትሄዱም ዝርዝሩን የሚናገሩት እሳቸው ይሁኑ፤ ብሩን ከእጃቸው ተቀበሉ፤ መልሱን ቆጥራችሁ ስጡ። «ይሄን ሽንኩርት በስንት ገዛሽው?» ብለው ቢቆጡ ደስ ይበላችሁ።

ምርቃትም ሥራ ነው። የልጅ ልጅ ፈተና ሲኖረው፣ አዲስ ሥራ ሲጀምር ደውሎ «መርቂኝ» ይበል።

4. ከቤት ውጭ ያለውን አየር ተጠቀሙበት

በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ከሆነ ከቤት ውስጥ ይልቅ ደጅ በጣም ይሻላል። ቡናው ግቢ ይፈላ። ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤት፣ ወንበር ከወንበር ሁለት ሜትር፣ ሁሉም በየራሱ ሲኒ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ የብሎኩ ሜዳ ይሻላል። ጠዋት ፀሐይ ላይ መቀመጥ፣ ግቢውን ዞር ዞር ማለት ለሌሊቱ እንቅልፍ ይረዳል፤ እግርም አይደርቅም።

ሁሉም ወረርሽኝ ግን አንድ አይደለም። ኮሌራ በውኃና በምግብ ይመጣል። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የታየው ማርበርግ ደግሞ በታማሚ ሰውነት ፈሳሽ ንክኪ ነው። ርቀቱም ጥንቃቄውም ይለያያል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጠይቁና በዚያው መጠን ወስኑ። «ለማንኛውም ሁሉንም ዝጉት» ማለት ቀላል ነው፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ግን አዛውንቶቹ ናቸው።

5. እምነታቸውን በሥርዓቱ

በ2012 ብዙ ምእመናን የትንሣኤን ሌሊት ከቴሌቪዥን ፊት አሳለፉ። በረመዳንም ጀመዓ ሶላት ቀርቶ በየቤቱ ተሰገደ። ቴሌቪዥኑን መክፈት ብቻ አይበቃም። ሰዓቱ ይከበር፣ ነጠላው ይለበስ፣ ቤቱ ይጠረግ፣ ሌላው ወሬውን ያቁም። የንስሐ አባታቸው ስልክ እንዲደውሉ ጠይቋቸው፤ አብዛኞቹ ደስ ይላቸዋል። የመስጊዱ ኢማምም እንዲሁ።

«ካልሄድኩ ሞቼ እገኛለሁ» ካሉ አትጣሉ። መንገድ አለው። ሰው በማይበዛበት ሰዓት ወስዳችሁ ከደጅ ተሳልመው ይመለሱ። በባህላችን ያለ ነገር ነው፤ ማንም አይገረምም።

6. ሞት ሲመጣ

ይህ ክፍል ከሁሉም ይከብዳል። ወረርሽኝ ካለ ሞት አለ፤ ለቅሶ ግን የለም። ድንኳን የለም፣ ሰው አይመጣም፣ ንፍሮ አይቀቀልም። የስድሳ ዓመት ጓደኛ ሞቶባቸው ብቻቸውን ሶፋ ላይ የሚቀመጡ ሰው ሐዘናቸው መውጫ ያጣል።

መርዶ በስልክ፣ ብቻቸውን ላሉ አዛውንት አትንገሩ። ማስክ ያደረገ አንድ ጎረቤት ወይም ዘመድ በአካል አጠገባቸው ይኑር። እንደ ወጉ ማለዳ ይሁን፤ ሌሊት ላይ የሰማ ሰው እስኪነጋ ማን አለው?

መደበቅስ? ብዙ ቤተሰብ «ልባቸው አይችልም» ብሎ ለወራት ይደብቃል። እኔ አልስማማም። አዛውንቱ ከልጆቹ ፊት ያነቡታል፤ ያልተነገራቸውን ሞት እየጠረጠሩ ብቻቸውን ያዝናሉ። ይነገር። ከዚያ ትንሽ ለቅሶ አዘጋጁ። ግቢ ውስጥ ተራ በተራ፣ ሁለት ሁለት ሰው እየገባ ይቀመጥ። የሟቹ ፎቶ ይቀመጥ። በሣልስቱ ሁሉም የሚደውልበት ሰዓት ይቆረጥ። አርባው ላይ ደግሞ አትርሱ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ስልኩ ይጮሃል፣ በአርባው ግን ጸጥ ይላል። ተዝካሩ ቢዘገይ «ሲከፈት እናወጣለን» ብላችሁ ቃል ግቡና ቃላችሁን ጠብቁ።

7. ብቻቸውን የሚኖሩ ከሆነ

ቁልፍ ለአንድ ጎረቤት ይሰጥ። የምልክት ስምምነት ይኑር፤ ለምሳሌ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መስኮቱ ካልተከፈተ ጎረቤት ያንኳኳል። የመድኃኒታቸው ስም፣ የቀጠሮ ካርዳቸውና የልጆቹ ስልክ በትልቁ ተጽፎ በሩ ጀርባ ይለጠፍ።

ሠራተኛ አብራቸው ካለች እሷን አትርሷት። በወረርሽኝ ጊዜ ቀኑን ሙሉ የሚያዩት ፊት የእሷ ብቻ ሊሆን ይችላል። እሷም ቤተሰቧን ናፍቃለች፤ የእረፍት ቀኗም በበሽታው ሰበብ ተሰርዟል። ካርድ ሙሉላት፣ ደመወዟ አይዘግይ፣ ስትደውሉ እሷንም አነጋግሩ። እሷ ከከፋት ቤቱ ሁሉ ይከፋል።

ዜና ላይ አጭር ነገር፦ በቀን አንዴ ይበቃል። ቀኑን ሙሉ የሟች ቁጥር ሲቆጠር መስማት ለማንም አይጠቅምም።

8. ከብቸኝነት ያለፈ ነገር ሲመጣ መለየት

የእኛ አዛውንቶች «ድብርት ይዞኛል» አይሉም። «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ሰውነቴ ከበደኝ»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ»፣ «እህል አስጠላኝ» ይላሉ። ሐኪም ቤት ሄደው ምንም አልተገኘም ከተባሉ ምንም የለም ማለት አይደለም።

ሁለት ነገር ጠይቁ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ድሮ ደስ የሚላቸው ነገር መጣፈጡን ትቷል? አብዛኛውን ቀን ከፍቷቸው፣ ተስፋ ቆርጠው ይውላሉ? ለአንዱም ቢሆን «አዎ» ካሉ፣ በተለይ ምግብና እንቅልፍ ከተዛባ፣ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ሐኪሙ የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ የደም ማነስ ወይም የሚወስዱት መድኃኒት ያመጣው መሆኑንም ያያል። ከዚያ ወደ አእምሮ ሕክምና ይልካል፤ አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል ሆስፒታል ለዚህ የታወቀ ነው። «አማኑኤል» ሲባል የሚደነግጥ ቤተሰብ አለ። አትደንግጡ፤ ድብርት ይታከማል። መድኃኒቱ ግን ሳምንታት ይፈልጋል፤ በአምስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ መተው የለም። ጸበል የሚጠመቁ ከሆነ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይጠመቁ፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ድንገት፣ በአንድ ቀን ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ከተምታታባቸው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቀኑን ከረሱ፣ የሌለ ሰው ካዩ፣ እንደ ሰመመን ከሆኑ ያንኑ ዕለት ሐኪም ቤት። ኢንፌክሽን፣ የውኃ ማነስ ወይም የስኳር መውረድ ሊሆን ይችላል። ኮቪድ ራሱ አንዳንድ አረጋውያን ላይ ያለ ትኩሳት፣ በመምታታት ብቻ ታይቷል። «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት።

«ምነው በወሰደኝ» የሚለው ንግግር በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ቢሆንም ከተደጋገመ፣ ወይም ዕቃ ማከፋፈልና ኑዛዜ ከተጨመረበት በቀጥታ ጠይቁ። «ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም። መልሱ አዎ ከሆነ ብቻቸውን አይደሩ፤ የተከማቸ መድኃኒትና ፀረ ተባይ ከቤት ይውጣ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው።

9. ሲከፈት

ክልከላ ሲነሳ ሁሉም ወዲያው የሚወጣ ይመስላል። ብዙ አዛውንቶች ግን አይወጡም። እግር ደክሟል፣ ፍርሃቱ ሥር ሰዷል፣ አንዳንዱ ጓደኛ የለም። መጀመሪያ እስከ ሱቁ፣ ከዚያ እስከ ታክሲ ተራው፣ ከዚያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አብራችሁ ሂዱ። ወደ መጀመሪያው የዕድር ስብሰባ እናንተ አድርሷቸው፤ ስም ሲጠራ የማይመልሱትን ሰዎች በዚያ ቀን ነው የሚያውቁት፤ ሲመለሱም ሰው ያስፈልጋቸዋል። የስልኩን ተራ ቢያንስ ለሁለት ወር አታቁሙ።

በዚያው ሰሞን የተጓደሉትን ቀጠሮዎች አስይዙ። ግፊት፣ ስኳር፣ ዓይን፣ ጥርስ። ሁሉም ሰው አንድ ላይ ስለሚወጣ ወረፋው ይረዝማል፤ ካርዱን በማለዳ ማውጣት ነው። መነጽራቸው ይታይ፣ ጫማቸው የማያንሸራትት መሆኑን እዩ፤ ለወራት ቤት የተቀመጠ ሰው በቀላሉ ይወድቃል።